ሴፍቲኔት የሠራውን እርከን ማን ይጠግነው?

የዛሬው ክርክር፦ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ምግብ ለሚያጥረው ገበሬ እህል ወይም ብር እየከፈለ እርከን ያሠራል፣ ተራራ ያስከልላል። በዚህ የተነሳ ገበሬው መሬቱን መንከባከብ ለመደ ወይስ ተወ?

የመቄት ልጅ፦ ተወ ባይ ነኝ። አባቴ ማሳ ላይ ሴፍቲኔት የሠራው የድንጋይ እርከን አለ። አምና ክረምት ጎርፍ አንድ ቦታ ናደው፤ ቢበዛ ሦስት ክንድ ነው። «ለምን አትክበውም?» ብለው «ሲመጡ ይሠሩታል» አለኝ። ልጅ ሆኜ ይሄ ሰው ቦይ ሳያወጣ ዘር አይዘራም ነበር! የገዛ ድንጋዩን ለማንሳት ደግሞ ይከፈለው?

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ አባትህን አትፍረድባቸው። እስቲ ቁጠረው። ሥራው በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን ነው። ቤተሰቡ አምስት ከሆነ 25 ቀን። የሕፃናቱም ድርሻ ጉልበት ባለው ላይ ያርፋል። እላዩ ላይ የነፃ ጉልበት ዘመቻው አለ። እሱስ መቼ ነው? ጥርና የካቲት። ገበሬ የራሱን ካብ የሚያይበት ጊዜም እሱው ነው። ክፍያው ሲዘገይ ደግሞ ቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል።
ጥፋቱ የእኛም ነው። እኔ ራሴ እርከን በሜትር ለክቼ ሪፖርት አድርጌያለሁ። «ስንት ኪሎ ሜትር ደረሰ?» ይሉኛል። ውሃው የት ይወጣል ብሎ የጠየቀኝ አለቃ ግን አላጋጠመኝም።

ከመቀሌ፦ ሁሉም እንዲህ አይደለም። እዚህ ትግራይ ያለችውን የአብርሃ ወአጽብሃን ቀበሌ እዩ። ተራራው ተከልሎ አገገመ፣ የጉድጓድ ውሃ ተመለሰ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ።

የመቄት ልጅ፦ እነሱማ ልቅ ግጦሽ በራሳቸው ደንብ ከልክለዋል። እኛ ጋ አዝመራ እንደተነሳ ከብቱ ይለቀቃል፤ እርከኑ ላይ የተተከለው ሣር የአንድ ሳምንት ቀለብ ነው።

ላስታ፦ ወንዶቹ ስለ አባወራ ብቻ ታወራላችሁ 🙂 እናቴ አቅም የላትም፤ ቀጥታ ድጋፍ ነው የምታገኘው፣ ሥራ አይጠየቅባትም። መሬቷን የእኩል ሰጥታለች። የእኩል አራሽ እርከን ይሠራል? በሬ ለማዞር እንዲመቸው ያፈርሳል እንጂ። ሴፍቲኔት ባይሠራላት አፈሯ ይሄኔ ተከዜ ወርዷል።
ሌላም ልንገራችሁ። ድሮ ክረምት ላይ እህሉ ሲያልቅ ባሕር ዛፏን ታስቆርጥ ነበር፤ ለጋውን ሳይቀር፣ በማገዶ ዋጋ። አሁን ዛፉ ከጓሮ ቆሟል። ይሄም መሬት መንከባከብ ነው።

የመቄት ልጅ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ከሴፍቲኔት መመረቁስ? ማሳው አምሮ ከታየ «ራስህን ችለሃል፣ ተመርቀሃል» ተብሎ ከመዝገብ ይሰረዛል ብሎ የሚፈራ ስንት አለ።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፦ ፍርሃቱ አለ። ግን የሚደበቀው ካብ አይደለም፤ በግ ነው። ምልመላ ሲደርስ በጎቹ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳሉ።

የመቄት ልጅ፦ 😂 እሺ፣ 25 ቀኑን አላሰብኩትም። ለፋሲካ ስሄድ ያችን ሦስት ክንድ ራሴ እክባታለሁ።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፦ ድንጋይ ከማንሳትህ በፊት ወደ ላይ ወጥተህ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እይ። መውጫ ካላበጀህለት ሐምሌ ላይ እዚያው ይንደዋል።