የዋሻው ፊልም ማመልከቻ፦ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። ያለፈው የጠፈር ጦርነት ፊልማችን የጣርማ በር የመኪና መንገድ ዋሻ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚጀምረው። አሁን ብር የምንጠይቀው ማን እንደዘጋው ለሚያሳይ የ20 ደቂቃ ፊልም ነው።

ካሜራ፦ መጨረሻው እየታወቀ ማን ያየዋል?

ጸሐፊ፦ «ሮግ ዋን» የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጦርነት ፊልምም መጨረሻው የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» ሲጀምር ሰላዮች የጠላትን ግዙፍ የጠፈር ጦር ጣቢያ ንድፍ እንደሰረቁ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ያቺን ወሬ ነው «ሮግ ዋን» ብለው ፊልም ያደረጓት። ሰው ያየው ይሳካ አይሳካ ብሎ ሳይሆን ማን ይተርፋል ብሎ ነው። ዋና ዋናዎቹ በሙሉ አለቁ። ፊልሙ ግን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ያን የሚያህል ጣቢያ በአንድ ምት ለምን ፈነዳ ለሚለውም መልስ ሰጠ፤ መሐንዲሱ ሆን ብሎ ድክመት ደብቆበታል። የኛም አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ዋሻው የተዘጋው ከውስጥ ነው ከውጭ?

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ይቆይ። «የወታደር ልብስ» የሚለው ምንድነው? ትልቁ ወጪ እሱ ነው።

የመንዙ፦ የኛን የሱፍ መደረቢያ፣ ባና ይልበሱ፣ ወጪ የለውም። በጓሳ ተራራ ብርድ ላስቲክ ለብሶ የሚዋጋ የለም።

አንኮበር፦ ለጠፈር ጦርነት ባና? መሳቂያ ልታደርገን ነው?

የመንዙ፦ ምኑ ያስቃል? አያቶቻችን ለብሰውት ዘምተዋል።

አንኮበር፦ አያቶችህ በሌዘር አልተዋጉም።

የመንዙ፦ አያቶቼን ተዋቸው!

ገንዘብ ያዥ፦ ባና ጥቁር ነው፣ ማታ አይታይም።

ካሜራ፦ መብራት ካለ ይታያል። መብራት ደግሞ በጀቱ ውስጥ የለም።

አንኮበር፦ ባና ከሆነ እኔ የለሁበትም። ስክሪፕቱን ሌላ ሰው ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ኧረ ወደ ታሪኩ! እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የ«ስታር ዋርስ» ክፍል የጀግኖቹን ኃይል በደም ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች አስረዳ፤ አድናቂው እስከ ዛሬ ያማርራል። እኛም የጠላትን አመጣጥ የምንተርክበት ክፍል ይውጣ።

የመንዙ፦ ይውጣ። ባናው ግን ይቆያል።

ሰብሳቢ፦ የዋሻውን ፈቃድ እኔ እጨርሳለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? የደሴ መንገድ እኮ ነው፣ መኪና ማስቆም እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሰብሳቢ፦ ሰው የለም?

አንኮበር፦ እሺ፣ አዛዡ ብቻ ባና ይልበስ። ሌሎቹ ካፖርት።

የመንዙ፦ አዛዡና ሁለት ጠባቂዎች።

አንኮበር፦ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ባናውን ከሸማኔዎች እንዋስ፤ በምላሹ ፊልሙ በሚታይበት ቀን በር ላይ ይሽጡ። ማመልከቻው ላይ «የሥራ ዕድል» ብለን እንጽፈዋለን። ቢሮዎች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።

ካሜራ፦ እሱስ ያዋጣል። ድንኳን ይጨመር።

ጸሐፊ፦ ዋሻውን ማን ዘጋው ታዲያ?

ሰብሳቢ፦ ርዕሱን «የባና ባዛርና የፊልም ምሽት» ብዬዋለሁ። ድንኳኑ ብሩን ስለበላው ፊልሙ 8 ደቂቃ ሆኗል። መንዝ ወርዶ ሸማኔዎቹን የሚያነጋግር ማነው?

አንኮበር፦ ያው ባና ባናው ባዩ ነዋ።

የመንዙ፦ እኔ ሰሞኑን አይመቸኝም።