ለወፍ ተብሎ የማታ ጨዋታ ይቅር?

ጠያቂው፦ ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ላይ ተማሪዎች ዓርብ ማታ የሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ተዛውሮ ነበር። ምክንያቱ አኦ የሚባል የባሕር ወፍ ነው፤ የስታዲየም መብራት እየሳበ ይጥለዋል። ልክ ነበር ትላላችሁ?

ኳስ ወዳድ፦ በፍጹም! ሰው ሁሉ የሚሰባሰብበትን ምሽት ቀምተህ፣ ያው ሰው ወፉን እንዲወድልህ ትጠብቃለህ? ያተረፉት ቂም ነው።

የአጥቢያ ኮከብ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አወዳደቁን እንይ። አኦ ተራራ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚፈለፍለው፤ በዓመት አንዲት እንቁላል ብቻ። ጫጩቱ ክንፉ ሲጠና፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ በሌሊት ወደ ባሕር ይወጣል። እናት የለ፣ አባት የለ፣ ብቻውን። መንገድ ላይ መብራት ካየ ይዞረዋል፣ ይዞረዋል፣ ጉልበቱ ሲከዳው አስፋልት ላይ ዱብ ይላል። ምንም ባይሰበር እንኳ ከሜዳ ተነሥቶ መብረር ይቸግረዋል። የቀረውን ድመት ወይም መኪና ይጨርሰዋል።

ኳስ ወዳድ፦ ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የሆቴልና የወደብ መብራትስ? የልጆች ጨዋታ የሁለት ሦስት ሰዓት ነገር ነው።

ባለ ሽቦው፦ እዚህ ላይ እውነት አለው። ትልልቆቹን ወፎች የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ በጨለማ በባሕርና በተራራ መካከል ሲመላለሱ ይላተሙበታል። በዚያው 2010 የደሴቲቱ ኤሌክትሪክ አቅራቢም በወፎቹ ሞት ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል። ጎጇቸው ድረስ ደግሞ ድመት፣ አይጥና ዐሳማ አለላቸው። ከ1993 እስከ 2013 በተደረገ የራዳር ክትትል የአኦ ቁጥር በ94 በመቶ አሽቆልቁሏል። ይህን ሁሉ በዓርብ ጨዋታ ማላከክ ቀልድ ነው።

የአጥቢያ ኮከብ፦ ማን አላከከ? ሽቦ መቅበር ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። መብራት ግን ዛሬ ማታ ይጠፋል።

መምህሩ፦ ትምህርቱን ረሳችሁት። እዚያ ከ1979 ጀምሮ ሴቭ አወር ሺርዋተርስ (አኦንና መሰሎቹን የባሕር ወፎች እናድን እንደማለት) የሚባል ፕሮግራም አለ። የወደቀ ወፍ ያገኘ ሰው በፎጣ ይዞ እሳት አደጋ ጣቢያ በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ይተወዋል፤ ባለሙያ ወስዶ አክሞ ይለቀዋል። በዚህ መንገድ ከ30 ሺህ በላይ የባሕር ወፎች ተሰብስበዋል። አንድ ጊዜ ወፉን በእጁ የያዘ ልጅ የእኔ ስብከት አያስፈልገውም። ጨዋታውን የተቀማ ልጅ ግን ፎጣውን ያነሣል ወይ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ኳስ ወዳድ፦ አሁን ተግባባን መምህር።

ባለ ሽቦው፦ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ወፍ የሚወድቀው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ይቀንሳል። ታዲያ የማታውን ጨዋታ በጨረቃ መቁጠር ነዋ።

የአጥቢያ ኮከብ፦ ሙሉ ጨረቃ በወር አንዴ ናት። በወቅቱ ሁሉ ሦስት ጨዋታ ቢደርሳችሁ ነው።

ኳስ ወዳድ፦ ሦስትም ጨዋታ ነው እህቴ።