ፕሮሶፒሱ ከጉቶው እያቆጠቆጠ አስቸግሯል፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ግማሽ ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ ፕሮሶፒስ የተባለውን መጤ ወራሪ ዛፍ አጽድተን አገር በቀል ሣርና ግራር ለመመለስ እየሞከርን ነው። ግንዱ የተቆረጠው ከመሬት 10 ሴ.ሜ. ያህል ከፍ ብሎ ነው። ጉቶው ላይ ግላይፎሴት የተባለ አረም ማጥፊያ በብሩሽ ተቀብቷል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ። በሁለት ወር ውስጥ ከአንዱ ጉቶ ብቻ ሰባት ስምንት ቀንበጥ ወጣ። አፈሩ ሲገለጥ የተቀባው ፊት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቀንበጡ ሁሉ የበቀለው ግን ከአፈር በታች ካለው የሥር አንገት (ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ቦታ) ነው።

የምንጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። በውሃ የተበጠበጠ መድኃኒት ቁርጡ ትኩስ ሳለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተቀባ ወደ ሥር አይወርድም። እምቡጡ ከመሬት በታች ስለሆነም ከላይ መቁረጥ መከርከም ነው፤ እንዲያውም ያበዛዋል።

አሁን የቸገረን፦ ቀጫጭኑን ጉቶ ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ. ቆፍሮ ከሥር አንገቱ በታች መቁረጥ ይሻላል ወይስ ቀንበጡ በደንብ ቅጠል እስኪያወጣ ጠብቆ መርጨት? ትሪክሎፒር የተባለውን ሌላ አረም ማጥፊያ በናፍጣ ለውሳችሁ የግንዱን ግርጌ ዙሪያውን የቀባችሁ ካላችሁ፣ አጠገቡ ያለው ግራር አልተጎዳባችሁም? (ትሪክሎፒር ሣሩን ብዙም እንደማይጎዳ እናውቃለን፤ የሚያሰጋን ግራሩ ነው።) ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበት እንዳይመልሰው ቦታው ታጥሯል፤ አፈር ውስጥ የቀረው ዘር ግን በየዝናቡ መብቀሉ አይቀርም። ታዲያ ሣሩ አሁኑኑ ይዘራ ወይስ የመጀመሪያው ቡቃያ ከተነቀለ በኋላ?