የሱቅ ሽያጭ ልምዴን ሲቪ ላይ እንዴት ልጻፈው?

የመጋላዋ፦ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ ልብስ ሱቅ ውስጥ 3 ዓመት ሸጥኩ፤ ከዚያ ሚኒማርኬት ካሸር ሆንኩ፣ 1 ዓመት ከ6 ወር። አሁን ከዚራ ሰፈር ላለ አንድ ሱፐርማርኬት ላመለክት ነው። ሲቪዬ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ» ይልና ሥራውን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። የልብስ ሱቁ ባለቤትም የሥራ ልምድ አልጻፈልኝም። ምኑን ላስተካክል?

ዜድ ሪፖርት፦ አቦ፣ «ታታሪ»ን ሰርዢው፤ የማይጽፈው የለም። ካሸር የሚቀጥር ሰው ገንዘብ አያያዝሽን ነው የሚፈልገው። እንዲህ በይ፦ «በካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ መቁረጥ፤ ማታ ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ማጠቃለያ) አውጥቶ ጥሬ ብሩን፣ የቴሌብሩንና የባንክ ዝውውሩን ለይቶ ማስረከብ፤ ትርፍና ጉድለት መመዝገብ።» በቀን ስንት ደንበኛ እንደምታስተናግጂ ጨምሪ፣ ግን አታጋኚ። ቃለ መጠይቁ ላይ ቁጥሩን ይዘው ነው የሚመነዝሩሽ። የልብስ ሱቁም ባዶ አይደለም፦ ቆጠራ፣ በሳይዝ መደርደር፣ የዱቤ መዝገብ። የቅርቡ ሥራ ከላይ ይቅደም፤ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ያልቃል።

ሳቢያን፦ ደብዳቤውን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ብዙ ባለሱቅ እምቢ የሚለው መጻፍ ስለሚሰለቸው ነው። አንቺው አርቅቀሽ ውሰጂለት፤ ለእሱ ፊርማና ማህተም ብቻ ይቅርለት።

ጽሕፈት ቤት፦ ሁለት ነገር ሲቪ ያበላሻል። አንዱ የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ ነው። «ከመስከረም 2013 እስከ ኦገስት 2023» ብለሽ ከጻፍሽ 11 ዓመት ሊሞላው የቀረበ ይመስላል፤ እውነቱ 3 ነው። አንዱን መርጠሽ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በይ። ሌላው ፊደሉ ነው፦ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሲቪ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል። በዩኒኮድ (የትም ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው ፊደል) አስጽፈሽ በፒዲኤፍ ላኪ። የፋይሉ ስም «ሲቪ አዲሱ 3» አይሁን፤ ስምሽና የሥራ መደቡ ይሁን።

ዜድ ሪፖርት፦ የረሳሁት፦ ቋንቋ! ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምትችል ካሸር ትፈለጋለች። ግርጌ አትቅበሪው፣ ከስልክሽ ቀጥሎ አምጪው፤ መናገሩንና መጻፉን ለይተሽ።

የመጋላዋ፦ እሺ፣ ዋሴንስ ልጻፈው?

ሳቢያን፦ ስሙን አትጻፊ፣ መታወቂያ ቁጥርሽንም። «ዋስ ማቅረብ እችላለሁ» ይበቃል፤ ዝርዝሩን ሲቀጥሩሽ ይጠይቁሻል።