ለትምህርት ቢሮ የሚገባው ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን እንየው

ጸሐፊ፦ ሰላም ወገኖች። አልቢኒዝም (ሲወለዱ ጀምሮ ያለ የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም እጥረት) ስላለባቸው ተማሪዎች ለትምህርት ቢሮ የምናስገባው ረቂቅ ተልኮላችኋል። ዋናው ጥያቄ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ሐሳብ ያላችሁ እስከ ዓርብ ጻፉ።

የተማሪ እናት፦ ክሬሙ ይሁን፤ ግን ያልቃል። መጀመሪያ ባርኔጣ ይፈቀድልን። ልጄን ጥበቃው በር ላይ “ዩኒፎርም አይደለም” እያለ ያስወልቃታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄማ በጀት እንኳ አይፈልግም! አንደኛ ላይ ይግባ።

የፊዚክስ መምህር፦ እኔም ደግፌያለሁ። ረቂቁ ላይ “በተለይ በሞቃት አካባቢዎች” የሚለው ግን ይውጣልኝ። ቆዳ የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረሩ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ጨረሩ አይታይም፣ ሲነካንም አይታወቀንም። ከፍታው 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ ከላይ ያለው አየር ስለሚሳሳ የሚያስቀረው ያንሳል። ደብረ ብርሃን ከ2700 ሜትር በላይ ነች። ጋቢ ለብሰህም ፊትህ ይቃጠላል። ቢሮው “ደጋ ነው፣ ምን አለበት” እንዲለን ቀዳዳ አንተውለት።

ጸሐፊ፦ ይወጣል መምህር። ደመና ሲሆንስ?

የፊዚክስ መምህር፦ ስስ ደመና ብዙውን ያሳልፋል። ስለዚህ “ፀሐይ በወጣ ቀን” የሚለውም ይሰረዝ።

ነርስ፦ ጉዳቱ በሁለት መስመር ይግባ። ጨረሩ የሴሉን ዲኤንኤ ይመታል፤ ጎን ለጎን ያሉ ቲሚኖችን (ከዲኤንኤው “ፊደላት” አንዱን) ያጣብቃል። ሴሉ ይጠግነዋል፤ ሳይጠገን የቀረው ሲጠራቀም ግን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ጨረሩን የሚውጥልን ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም ነው፤ ለልጆቻችን የጎደለውም እሱ። ክሬሙ ደግሞ ቢያንስ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ይባል። በደንብ ከተቀቡት ቆዳ በዋናነት የሚያቃጥለውን የአልትራቫዮሌት ዓይነት፣ ዩቪቢን፣ 97 በመቶ ያህል ይከላከላል፤ ውጭ ከቆዩ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። ዝም ብለን “ክሬም” ካልን የፊት ቅባት ገዝተው እንዳይልኩልን።

ወጣት አባል፦ ስፖርትስ? እኔ ስማር እኩለ ቀን ላይ ነበር የምንሮጠው። ክፉው ሰዓት ከ4 እስከ 10 ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያድርጉልን በሉ። “ከስፖርት ይቅሩ” እንዳይባል ግን አደራ፣ ኳስ የሚወድ አለ። መቀመጫም ፊት ለፊት ይሁን፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል።

የፊዚክስ መምህር፦ ልክ ነው። መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል፤ ሌላው የአልትራቫዮሌት ዓይነት፣ ዩቪኤ፣ ግን አብዛኛው ያልፋል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ባርኔጣ፣ የስፖርት ሰዓት፣ መቀመጫ፣ ከዚያ ክሬም። የዓለም አልቢኒዝም ቀን ሰኔ 6 ነው፤ ከዚያ በፊት እናስገባው። የከርሞው ፕሮግራም ሳይወጣ ይደርሳል።

የተማሪ እናት፦ ባርኔጣው ምን ዓይነት እንደሆነም ይጻፍ። ኬፕ ጆሮና አንገት አይሸፍንም። ጠርዙ ዙሪያውን ሰፊ፣ ጨርቁም ጥቅጥቅ ያለ ይሁን።