1,745 ብር ግብር ልክ ነው?

ጅማ ሄርማታ አካባቢ ቡና መጋዘን ሒሳብ መዝጋቢ ነኝ። ደመወዜ 9,000 ብር ነው፤ ከሐምሌ 2017 ወዲህም 1,745 ይቆረጥብኛል። የሰው ሒሳብ ስመዘግብ የራሴን ሳላይ ሦስት ወር አለፈ!

መልስ፦ ልክ አይደለም እህቴ። ያ የድሮው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ነው፤ ከደመወዝሽ 30 በመቶ ላይ 955 ብር ሲቀነስ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው በአዲሱ ግን ከ25 በመቶው ላይ 850 ሲቀነስ 1,400 ብር ብቻ ነው። በወር 345፣ በሦስት ወር 1,035 ብር ትርፍ ተቆርጦብሻል።

ሌላ መልስ፦ 7 በመቶ ጡረታው ለብቻ ነው፤ አታደባልቂው።

ጠያቂ፦ አለቃዬ «ገቢዎች ሄደሽ ጠይቂ» አለኝ።

መልስ፦ ቆርጦ የሚያስገባው እኮ እሱ ነው! ለገቢዎች ያሳወቀበትን ዝርዝር አሳየኝ በይው። 1,745 ቆርጦ 1,400 አስገብቶ ከሆነ ገንዘብሽ ያለው እሱ ኪስ ነው።

ጠያቂ፦ ወይ ጉድ! ነገ ቡና ሳይፈላ ቢሮው እገባለሁ።