ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እንዴት አላየኝም? (የሞተር ነጂዎች ጥያቄ)

የንጋት ሞተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፤ ወደ ሥራ የምመላለሰው በሞተር ነው። ሞተሬ 125 ሲሲ ነው፣ ጥቁር። ጃኬቴም ሄልሜቴም ጥቁር ናቸው። ተረኛ ስሆን ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከመሸ በኋላ ነው የምመለሰው።

ባለፈው ሳምንት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ቅድሚያ የእኔ በሆነበት መንገድ ላይ እየሄድኩ ነበር። አንድ መኪና ከጎን መንገድ ሊገባ ቆሟል። ሹፌሩ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን ብዬ እምላለሁ። ከዚያ ዝም ብሎ ወጣብኝ። ፍሬን ይዤ ለጥቂት ተረፍኩ። ሰውየው ወርዶ ይቅርታ ጠየቀኝ። «እህቴ፣ በእውነት አላየሁሽም» አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እየዋሸ አይመስለኝም። የከነከነኝም ይሄው ነው። ወደ እኔ እያየ እንዴት አያየኝም?

ሰው ስጠይቅ ምክሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ደማቅ ሰደርያ ከለበስሽ በቃ» ይላል። ሌላው «ቀን መብራት ማብራት ባትሪ መጨረስ ነው» ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቀይሪው፣ ካላዩሽ ይሰሙሻል» ብሎኛል። ብዙ ገንዘብ የለኝም፣ ስለዚህ ከየት ልጀምር? ከልብሱ፣ ከመብራቱ ወይስ ከአነዳዴ? በተለይ መኪናም ሞተርም የምትነዱ ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ልጆች አሉኝ፤ ነገሩን ቀለል አድርጌ ልተወው አልቻልኩም።

ባለ ሁለት ጎማ፦

እንኳን ተረፍሽ እህቴ። ባትሪውን በተመለከተ ስጋት አይግባሽ። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ባትሪው ይሞላል፤ ቻርጅ አደራረጉ ደህና ከሆነ ቀን መብራት ማብራት ምንም አይጎዳውም። ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ገና ሲነሱ መብራታቸው በራሱ ይበራል፣ ማጥፊያም የላቸውም። ህንድ ለምሳሌ ከኤፕሪል 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ ሞተሮች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም ወጪ፣ ከዚህ ጀምሪ። አጭሩን መብራት ግን፤ ረጅሙ ሰው ያሳውራል።

የማሰልጠኛው ሰው፦

እህቴ፣ ሹፌሩ እውነቱን ነው የነገረሽ ብዬ አስባለሁ። ሥራዬ ሞተር መንዳት ማስተማር ነው፤ መኪናም እነዳለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን የማስረዳው ይህንኑ ያንቺን ጥያቄ ነው። ረዘም ቢልም ልጻፈው።

ክንድሽን ዘርጊና የአውራ ጣትሽን ጥፍር ተመልከቺ። ዓይናችን በአንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያየው ያንን ያህል ቦታ ብቻ ነው። የቀረው ብዥ ያለ ነው፤ አንጎላችን በግምት ይሞላዋል። ሹፌር ግራና ቀኝ ሲቃኝ ደግሞ ዓይኑ ወጥ በሆነ መንገድ አይሄድም፣ ከቦታ ቦታ ይዘላል። በሚዘልበት ቅጽበት አንጎል ምስል አይቀበልም። መኪና ሰፊ ስለሆነ ዓይን የሆነ ቦታ ላይ ያገኘዋል። ሞተር ግን ቀጭን ነው፤ በሁለት ዝላይ መካከል ሊጠፋ ይችላል። ችኩል ሹፌር አንዴ ገልመጥ አድርጎ ይወጣል። ፊቱ ወደ አንቺ ዞሯል ማለት አንቺ ላይ አርፏል ማለት አይደለም።

ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ ቀጥ ብለሽ ወደ ሰውየው ስትመጪ ምስልሽ በዓይኑ ውስጥ ቦታ አይቀይርም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሄድም፣ ቀስ እያለ ያድጋል እንጂ። ከሩቅ ሲሆን ዕድገቱ ከቁጥር አይገባም። ስትቀርቢ በድንገት ትገዝፊያለሽ። ሹፌሮች «ከሰማይ ነው የወረደው» የሚሉት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንጎላችን ትንሽ ነገር ሲያይ ሩቅ ነው፣ ቀስ እያለም ነው የሚመጣው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ አይቶሽም «እደርሳለሁ» ብሎ ሊወጣ ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትሄጃለሽ። የአንድ ሰከንድ ስህተት ምን እንደሚያደርግ ከዚህ አስቢው።

ይሄ ነገር አዲስም አይደለም። ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ጥናቱ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሯል። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ገደማ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ከአነዳድሽ ጀምሪ ነው የምልሽ፤ ገንዘብ የማይጠይቀውም እሱ ነው።

መኪና ከጎን ቆሞ ስታዪ መጀመሪያ ጋዙን ልቀቂ። ከዚያ ከኋላሽና ከአጠገብሽ ማንም አለመኖሩን አረጋግጠሽ፣ በራስሽ ረድፍ ውስጥ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀስ ብለሽ ተሻገሪ። መወዛወዝ አይደለም፤ አንዴ ዝግ ብሎ መሻገር ነው። ያን ጊዜ ምስልሽ በዓይኑ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ከኋላሽ ካለው ነገር ይለያል። ብዥ ባለው የዓይናችን ክፍል እንኳ እንቅስቃሴ ቶሎ ነው የሚያዘው። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ወይም አሸዋ ካለበት ግን ይቅርብሽ፣ ፍጥነት መቀነሱ ይበቃል።

ዓይኑን አትመኚ። የፊት ጎማውን ተመልከቺ። ጎማ ሳይዞር መኪና አይነሳም። ሁለት ጣትሽ የፍሬኑ እጀታ ላይ ይረፍ፤ አውራ ጣትሽም ክላክሱን ሳይፈልግ የሚያገኝ ይሁን።

አደባባይ ላይ ደግሞ የመኪናውን የፊት መስታወት የያዘውን ምሰሶ አስቢ። ምሰሶው ቀጭን ይመስላል፣ ግን ሞተርና ሞተረኛን አንድ ላይ ይሸፍናል። ክፉው ነገር፣ እሱ ወደ አደባባዩ ሲጠጋ አንቺም በተመጣጣኝ ፍጥነት ከዞርሽ ከምሰሶው ጀርባ ሳትወጪ አብራችሁ ትደርሳላችሁ። የሹፌሩ ፊት የማይታይሽ ከሆነ እሱም አያይሽም። ፍጥነትሽን ትንሽ ለውጪ፣ ከጥላው ትወጫለሽ።

ስለ ጥላ ካነሳሁ፣ አንቺ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ስለምትነጂ ይህን ያዢ። ጥላሽ ከፊትሽ ረዝሞ ወደ አንድ መኪና ከጠቆመ፣ የዚያ መኪና ሹፌር ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ነው። ሰደርያም መብራትም ያን ጊዜ ብዙ አይረዱሽም። የለሽ ያህል ቆጥረሽ ንጂ።

ልብስን በሚመለከት በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የታተመው። አንፀባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች የመጎዳት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ፣ ቀን መብራት የሚያበሩት ከማያበሩት በ27 በመቶ ያነሰ ነበር። የሞተሩ ቀለም ግን ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ ጥቁር ሞተርሽን አትቀይሪ፣ ቀጣዩ ሄልሜትሽ ግን ነጭ ይሁን።

ሰደርያ ስትገዢ ሁለት ነገር ለዪ። ያ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ደማቅ ጨርቅ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚቀይር ነው የሚደምቀው። ፀሐይ ከሌለች ሥራው ያልቃል። ሌሊት የሚሠራው ብርማው ጥብጣብ ነው፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሰዋል። አንቺ ሁለቱም ያስፈልጉሻል። ጨርቁ ፀሐይ እየመታው ሲደበዝዝ፣ ጥብጣቡም እየታጠበ ሲሰነጣጠቅ ሰው ልብ አይለውም። ያረጀ ሰደርያ ለብሶ ተማምኖ መንዳት ያሳስበኛል።

ባለ ሁለት ጎማ፦

ጋሼ፣ ሰደርያ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ግን ይከብዳል። ቢጫ ሰደርያ ከኋላዬ ቢጫ ሣር ሲሆን ይውጠኛል።

የማሰልጠኛው ሰው፦

ልክ ነህ ወንድሜ። ጉዳዩ ድምቀቱ ብቻ ሳይሆን ከጀርባህ ካለው ነገር መለየቱ ነው። በጣም ብሩህ ጀርባ ላይ ጥቁር ልብስ የተሻለ ሊታይ ይችላል። ጀርባው ግን በየሜትሩ ይለዋወጣል፤ ለዚህ ነው እንቅስቃሴውንና ቦታ አያያዙን ያስቀደምኩት።

የከባድ መኪና ሹፌር፦

ከላይ ሆኜ የማየውን ልንገርሽ እህቴ። ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ከጋቢናዬ ፊት፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ሞተር ቢቆም አላየውም። በረዳቱ በኩል ከበሩ አጠገብ ያለውም እንደዚያው ነው። ከኋላዬ ተጠግተሽ ከመጣሽ ጭራሽ የለሽም። ስፖኪዮዬ ውስጥ ፊቴ ከታየሽ እኔም አይሻለሁ። ካልታየሽ ወይ ቅደሚ ወይ ቅሪ፤ እዚያው አጠገቤ አትቆዪ። ዝናብ ሲሆን ስፖኪዮውም የጎን መስታወቱም ጠብታ ይሞላል። ሌሊት ከሆነ በእያንዳንዷ ጠብታ ላይ መብራት ያበራል። የአንድ ሞተር መብራት ከመካከሉ መለየት በጣም ይከብደኛል።

ሌላው ፍሬቻ ነው። የብዙ ሞተር ፍሬቻ በራሱ አይጠፋም። ከታጠፋችሁ በኋላ ረስታችሁት እያበራ ስትመጡ፣ እኔ «ልትታጠፍ ነው» ብዬ እወጣለሁ። ያየሁሽ ሆኜ ነው የምገጭሽ። ከየመታጠፊያው በኋላ ማጥፊያውን መጫን ልማድ ይሁንሽ።

ማርሽ ቀንሰሽ ፍጥነት ስትቀንሺም የፍሬን መብራትሽ አይበራም። እኔ ከኋላሽ ሆኜ በምን አውቃለሁ? የፍሬኑን እጀታ ነካ ነካ አድርጊው፣ መብራቱ ብልጭ ይበል። ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሚም ከኋላሽ ያለው መኪና እስኪቆም ድረስ ብልጭ አድርጊለት። ማርሽ ላይ ሁኚ፣ ዓይንሽ ስፖኪዮ ላይ ይሁን። ከፊትሽ ካለው መኪና መሃል ጀርባ ሳይሆን ወደ ጥግ ቁሚ፤ የምታመልጪበት ክፍት ይኑርሽ።

ማርሚታውን ተይው። የማርሚታ ድምፅ የሚወጣው ወደ ኋላ ነው፤ የሚያሰጋሽ ደግሞ በአብዛኛው ከፊት ነው የሚመጣው። እኔ መስታወት ዘግቼ ሬዲዮ ከፍቼ ስነዳ የምሰማሽ አጠገቤ ከደረስሽ በኋላ ነው። ያን ብር ለሁለት ትንንሽ መብራቶች አውዪው። ከዋናው መብራት በታች፣ ግራና ቀኝ ሰፋ ተደርገው ሲታሰሩ ከሩቅ ሦስት ማዕዘን ሆነሽ ትታይኛለሽ። አንድ መብራት ብቻ ሲሆን ርቀቱን መገመት አልችልም፤ ከኋላሽ ካለው የመኪና መብራት ጋርም ይቀላቀልብኛል። ወደ መሬት ዘንበል ተደርገው ይታሰሩ። ስለ ተጨማሪ መብራት ያለውን ደንብም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የንጋት ሞተረኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ከትናንት ጀምሮ መብራቴን ቀንም አበራለሁ። የፍሬቻው ነገር ጨርሶ አስቤው የማላውቀው ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የደንብ ልብሴን የምይዝበት ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ጀርባዬ ላይ አለ። ሰደርያውን ይሸፍነዋል። ከላይ ልደርበው ወይስ ቦርሳው ላይ ጥብጣብ ላሰፋ?

የማሰልጠኛው ሰው፦

ቦርሳው ላይ አሰፊ። ከላይ የተደረበ ሰደርያ ነፋስ ይይዘዋል፣ ይርገበገባል። ለሄልሜትሽ ጀርባ የሚለጠፍ አንፀባራቂም ጨምሪ፤ ከፍ ስለሚል ከኋላሽ ሁለተኛ ላይ ያለው መኪናም ያየዋል። ሄልሜቱን የሠራው ድርጅት የሚከለክለው ማጣበቂያ ካለ ግን መጀመሪያ አንብቢ።

ከዚያ ሌሊት ሞተርሽን ጨለማ ቦታ ላይ፣ ከመንገድ ውጪ አቁሚው። ልብስሽንና ቦርሳሽን የለበሰ ሰው አጠገቡ ይቁም። አንቺ መኪና ውስጥ ሆነሽ ከሩቅ መብራት አብሪበት። ከፊት፣ ከኋላ፣ በተለይ ከጎን እዪው። ከጎን ብዙ ሰው ምንም የለውም።

የንጋት ሞተረኛ፦

ማርሚታ ቀይሪ ያለኝ ባልደረባዬ መኪና አለው፣ ቅዳሜ ማታ ላስቸግረው ነው። ከጎን ባዶ ከሆንኩ ጥብጣቡን የት የት እንደምለጥፍ ፎቶ ይዤ እመለሳለሁ።